«ፎርማት ይደረግ» ከማለትዎ በፊት

የቤት ኮምፒውተር ሲሞላ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ቦታ የያዘው ነገር ሳይሆን ቤተሰቡ የሚሳሳለት ነው

«ሲ» በሚለው ድራይቭ ላይ ያለችው መስመር ከሰማያዊ ወደ ቀይ ስትለወጥ በየቤቱ የሚሰማው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ልጅ «የቤት ሥራዬን ሴቭ አላደርግ አለኝ» ይላል። እናት «ያ ሁሉ ጌም ነዋ ያጨናነቀው» ትላለች። አባት «የሠርጉ ቪዲዮ እንዳይነካ» ብሎ ከሳሎን ያስጠነቅቃል። በመጨረሻ ከሦስቱ አንዱ ያችን የታወቀች መፍትሔ ያነሳል፦ «ለምን ፎርማት አይደረግም?»

ፎርማት የእኛ አገር የኮምፒውተር ዳማከሴ ነው። ለዘገየውም፣ ቫይረስ ለገባበትም፣ ለሞላውም ይታዘዛል። እውነቱን ለመናገር ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ፈጥኖ ይመለሳል። ነገር ግን የሞላን ጎተራ ለማቃለል ሲባል ከነዘሩ ማቃጠል ነው።

አንዲት ጎረቤቴ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ላፕቶፗ ሞልቶ አልሠራ ሲላት በትልቁ ልጇ እጅ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ጥገና ቤት ላከችው። ባለሙያው «የሚፈለግ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ «ዶክመንትና ፎቶ ብቻ» አለ። የዶክመንትና የፎቶ ፎልደሮቹ ተገለበጡ፣ ሌላው ተጠረገ። ዴስክቶፑ ላይ የነበረ አንድ የድምፅ ፋይል ግን አብሮ ሄደ። አባቷ ከማረፋቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘራቸውን ሲቆጥሩ የተቀዳ ነበር። ያ ፋይል በክብደቱ ከጥቂት ዘፈኖች አይበልጥም። ላፕቶፑን የሞሉት ልጆቹ በፍላሽ እያስገለበጡ ያመጧቸው ተከታታይ ፊልሞች ነበሩ። እነሱን ብቻ መሰረዝ ይበቃ ነበር።

ቦታውን የያዘው ማን ነው?

በቅድሚያ አንድ የቆየ ጥርጣሬ እናንሳ። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛ ኮምፒውተር ገና በአዲስነቱ ሲከፈት 465 ገደማ ብቻ ያሳያል፤ 1 ቴራባይት የተባለው ደግሞ 931። ብዙ ሰው ሻጩ ያታለለው ይመስለዋል። አላታለለም። የዲስክ አምራቾች አንድ ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት ብለው ይቆጥራሉ፤ ዊንዶውስ ግን በ1,000 ሳይሆን በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር የእሱ ጊጋባይት ተለቅ ይላል። በትንሽና በትልቅ ቁና እንደ መስፈር ነው፤ እህሉ ያው ነው። ከዚያ ላይ ዊንዶውስ ራሱ የሚኖርበትን ቦታ ይወስዳል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት ዲስክ ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ 128 ጊጋ ብቻ ያለው ቀጭን ላፕቶፕ የገዛ ቤተሰብ ከመነሻው ጠባብ ቤት ተከራይቷል ማለት ነው።

የቀረውን የምንሞላው እኛ ነን። እዚህ ላይ የክብደቱን ልክ ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ማጽዳት የሚጀምረው ከተሳሳተው ጫፍ ነው። በዎርድ የተጻፈ ማመልከቻ፣ ስካን የተደረገ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የዲግሪ ቅጂ፣ የቤት ካርታ፣ ሁሉም ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፊልም ያንሳሉ። የአንድ ደቂቃ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በስልክ የተነሳ ፎቶ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል።

ቪዲዮ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። በስልክ በ4ኬ ጥራት የተቀረጸ አንድ ደቂቃ፣ እንደ ስልኩ አቀራረጽ፣ ከ170 እስከ 350 ሜጋባይት ገደማ ሊወስድ ይችላል። በከፍተኛው ልክ ከተሰላ የአንድ ሰዓት የልደት ቪዲዮ 21 ጊጋባይት ነው። የሠርግ፣ የመልስና የቅልቅል ዲቪዲዎቹን ኮምፒውተር ላይ የገለበጠ ቤተሰብ ደግሞ ለእያንዳንዷ ተራ ዲቪዲ እስከ 4.7 ጊጋባይት ከፍሏል። ታዳጊዎች የሚወዱት «ጂቲኤ 5» የተባለው ጌም ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል። (ጌሙ ለልጅ የሚሆን ነው ወይ የሚለው ክርክር ለሌላ እትም ይቆየን።)

ስለዚህ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለው አሮጌ ደብዳቤዎችን እየመረጡ ቢሰርዙ ቀይዋ መስመር ንቅንቅ አትልም። የምንሳሳላቸው ነገሮች ብዙዎቹ ቀላሎች ናቸው፤ የሚከብዱት ደግሞ ነገ ልናገኛቸው የምንችላቸው።

በነገራችን ላይ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ 50 ትልልቅ ሳህኖች የተደረደሩበት ግዙፍ ማሽን ነበር፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ። ዛሬ ልጅዎ ድመቷን ያነሳበት አንድ ፎቶ ሊሞላው ይችላል።

ኮምፒውተሩን የሞላውን ነገር በግምት መፈለግ አያስፈልግም፤ ራሱ ይናገራል። በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «አይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ፤ ሰቲንግስ ይከፈታል። «ሲስተም»ን፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ»ን ይምረጡ። ጥቂት ከቆየ በኋላ ፕሮግራምና ጌም ይህን ያህል፣ ጊዜያዊ ፋይል ይህን ያህል፣ ቪዲዮ ይህን ያህል እያለ ይዘረዝራል። ማክ ያላቸው ተመሳሳዩን ዝርዝር በ«ሲስተም ሰቲንግስ» ውስጥ «ጄኔራል»፣ ከዚያም «ስቶሬጅ» በሚለው ስር ያገኙታል። ጠለቅ ብሎ ማየት ለፈለገ «ዊዝትሪ» የሚባል፣ ለግል አገልግሎት በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ፎልደሮቹን ሁሉ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ያሰልፋቸዋል። ቤት ውስጥ ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ እዚህ ያበቃል። አንዳንዴም ጌም ተጫዋቹ ልጅ ነፃ ይወጣና የአባት የእግር ኳስ ቪዲዮዎች ይከሰሳሉ።

ሳይፈሩ የሚጣሉ

በዚያው «ስቶሬጅ» ገጽ ላይ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ዊንዶውስ ለሥራው ተጠቅሞባቸው የተዋቸው ትርፍራፊዎች ናቸው፤ ቢጠፉ ማንም አይፈልጋቸውም። ከእነሱ ትልቁ፣ ዊንዶውስ ወደ አዲስ እትም ሲሸጋገር የሚያስቀረው አሮጌው ዊንዶውስ ነው። ወደ ቀድሞው መመለስ ቢፈልጉ በሚል ለ10 ቀን ያቆየውና ከዚያ በራሱ ያጠፋዋል። አዲሱ ከተስማማዎት ግን ቀኑን መጠበቅ ሳያስፈልግ ብዙ ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ልብ ይበሉ፦ «ዳውንሎድስ»። ከትርፍራፊዎቹ ጎን ተሰልፎ ስለሚታይ ሁሉንም ምልክት እያደረጉ ሲወርዱ አብሮ ይሄዳል። ውስጡ ግን ከኢሜይል የወረደ የቪዛ ደብዳቤ፣ የልጅ የፈተና ውጤት ወይም የባንክ ደረሰኝ ሊኖር ይችላል። ምልክቱን ያንሱለትና ፎልደሩን ለብቻው ከፍተው በእጅዎ ይዩት። ፋይሎቹን በ«ሳይዝ» ካሰለፏቸው ከላይ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ጌምና ሶፍትዌር የተጫነባቸው ፋይሎች ናቸው። ፕሮግራሙ አንዴ ከተጫነ በኋላ መጫኛው የሚያገለግለው ነገር የለም። ከሥራው በኋላ እንደቀረ የግንባታ እንጨት ግቢ ይዘጋል እንጂ።

ሪሳይክል ቢን ውስጥ የገባ ፋይልም ቦታውን አልለቀቀም፤ ክፍል ቀየረ እንጂ ከቤት አልወጣም። ቦታው የሚገኘው ቅርጫቱ ባዶ ሲደረግ ነው። ባዶ ከማድረግዎ በፊት ግን አንድ ደቂቃ ወስደው ይዩት፣ በተለይ ኮምፒውተሩን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቅርጫቱ አያልፍም፤ በቀጥታ ነው የሚጠፋው።

በእኛ ቤቶች ግን ሳይታወቅ የሚያብጠው ቴሌግራም ነው። በኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም ሁለት ጎተራ አለው። አንደኛው እኛ አውርደን የምናስቀምጠው ሲሆን ዳውንሎድስ ውስጥ በራሱ ስም በተሠራ ፎልደር ይከማቻል። ሁለተኛው እኛ ሳናዝዘው፣ ቻናሎችን ስናገላብጥ ያለፍንባቸውን ፎቶና ቪዲዮዎች በድብቅ የሚያስቀምጥበት ነው። ይህን ሁለተኛውን ለማራገፍ በቴሌግራም ሰቲንግስ ውስጥ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» የሚለውን ይክፈቱ፤ መጠኑን ያሳይዎታል፣ ማጥፋትም ይቻላል። መልእክቶቹ የሚቀመጡት በቴሌግራም ሰርቨሮች ላይ ስለሆነ ንግግሮችዎ አይጠፉም፤ እንደገና ሲከፍቷቸው ዳታ በልተው ይወርዳሉ። እዚያው «አድቫንስድ» ውስጥ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ መከልከል ይቻላል፤ ዲስኩንም የዳታ ፓኬጁንም ያተርፋል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ይለዩ። የአያት የድምፅ መልእክት ወይም የቤተሰብ ግሩፕ ላይ የተላከ ፎቶ ቴሌግራም ላይ አለ ብሎ መተማመን አያዋጣም። ላኪው ከሰረዘው ወይም ግሩፑ ከተዘጋ ከእርስዎም ዘንድ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን «ሴቭ አዝ» ብለው በስሙ ሌላ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡት፤ የሚወስደው ቦታ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

«ኮምፒውተርዎ በአደገኛ ሁኔታ ሞልቷል፣ አሁኑኑ ያጽዱ» እያሉ በየድረ ገጹ ብቅ የሚሉ ማስታወቂያዎችን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፦ ይዝጓቸው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ማጽጃ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ምንነቱን የማያውቁትን የ«ዊንዶውስ» ወይም የ«ፕሮግራም ፋይልስ» ፎልደር ውስጥም ገብተው በእጅዎ አይሰርዙ፤ ፕሮግራም ማጥፋት ከፈለጉ በሰቲንግስ ውስጥ «አፕስ» ከሚለው «አንኢንስቶል» ያድርጉት።

«ሲ» ሞልቶ «ዲ» ባዶ

ብዙ ጊዜ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞላ ሲባል ዲስኩ ገና ግማሹም አልተነካም። አገር ውስጥ ዊንዶውስ የሚጭኑ ባለሙያዎች አንዱን ዲስክ «ሲ» እና «ዲ» ብለው ለሁለት መክፈል ልማዳቸው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ ዊንዶውስ «ሲ» ላይ ይኑር፣ የቤተሰቡ ንብረት «ዲ» ላይ ይቀመጥ፤ ዊንዶውስ ቢበላሽ «ሲ» ብቻ ፎርማት ይደረጋል። ይህን ለባለቤቱ የሚነግረው ግን የለም። ዊንዶውስ በበኩሉ ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስን፣ ፒክቸርስንና ዳውንሎድስን የሚያስቀምጠው «ሲ» ላይ ነው። ውጤቱ ሁለት ጉዳት አለው። «ሲ» በቶሎ ይሞላል፣ «ዲ» ባዶውን ይቀመጣል። ፎርማት በሚደረግበት ቀን ደግሞ የሚጠረገው ቤተሰቡ ሁሉን ነገር ያኖረበት ክፍል ይሆናል። ጎረቤቴ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠችው የአባቷ ድምፅ የጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ዴስክቶፕ ከዓይን ፊት ስለሆነ አስተማማኝ ይመስላል፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው ግን እሱ ነው።

መፍትሔው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። «ዲ» ውስጥ አዲስ ፎልደር ይክፈቱ፤ ለምሳሌ «የቤተሰብ ሰነድ» ይበሉት። ከዚያ «ዶክመንትስ» የሚለው ፎልደር ላይ በማውሱ ቀኝ ይጫኑና «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ሎኬሽን»፣ ቀጥሎ «ሙቭ» የሚሉትን እየመረጡ አዲሱን ፎልደር ያሳዩት። ነባሮቹን ፋይሎች ላዛውር ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ ይበሉት። ለፒክቸርስ፣ ለቪዲዮስና ለዴስክቶፕም ለየራሳቸው ፎልደር ከፍተው እንዲሁ ያድርጉ። ለእያንዳንዱ የራሱን ፎልደር ማዘጋጀት እንጂ በቀጥታ «ዲ» ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ኋላ ለመለየት የሚያስቸግር መደበላለቅ ያመጣል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ እንደ ድሯቸው ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ ቢያደርጉም ፋይሉ የሚያርፈው «ዲ» ላይ ነው።

ይሁን እንጂ «ሲ» እና «ዲ» በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዲስኩ ራሱ ቢቃጠል ወይም ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። «ዲ ላይ አለኝ» ማለት ቅጂ አለኝ ማለት አይደለም።

ለነገሩ «ሲ»ን እስከ ጥግ ሞልቶ መተው ፍጥነትን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ቦታ ሲያጣ ዊንዶውስ የደኅንነት ዝማኔዎቹን መጫን ያቅተዋል፤ ፍላሽ ከቤት ወደ ኢንተርኔት ካፌ፣ ከካፌ ወደ ፎቶ ቤት በሚዞርበት አገር ያልዘመነ ኮምፒውተር ለቫይረስ ክፍት በር ነው። በነባሩ ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉ ቤተሰቦችም ማይክሮሶፍት ለዚያ እትም የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙን ሊያውቁት ይገባል። ወደ 11 ለመሸጋገር ኮምፒውተሩ የሚመጥን ከሆነም ሽግግሩ ራሱ ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ከዲስኩ ቢያንስ አሥር በመቶው፣ ቢቻል ሃያው ባዶ ቢሆን ይመከራል።

የፎቶው ጣጣ

ፊልሙና ጌሙ ከተጣለ በኋላ የሚቀረው ፎቶ ነው፤ እዚህ ላይ ፍጥነት አያስፈልግም። የብዙ ቤተሰብ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ የሚደርሰው ስልክ ሲሞላ ወይም ሲቀየር በጥድፊያ ተገልብጦ ነው። ስለዚህ «የስልክ ፎቶ»፣ «የስልክ ፎቶ አዲስ»፣ «የማሚ ስልክ»፣ «ኒው ፎልደር 3» የሚባሉ ፎልደሮች ተደርድረው ይገኛሉ፤ ውስጣቸው ሲታይ የዚያው የጥምቀት ቀን ፎቶ አራት ቦታ ይገኛል። ድግግሞሹን ማስወገድ ብቻ ብዙ ጊጋባይት ያስለቅቃል። ፎልደሮቹን ጎን ለጎን ከፍቶ የፎቶዎቹን ቁጥርና ቀን ማነጻጸር አሰልቺ ቢሆንም፣ ሙሉ ለሙሉ የተደገመ ፎልደርን ለመለየት ይበቃል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሁለት ፎቶዎች ስክሪን ላይ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ 4 ሜጋባይት፣ ሌላው 150 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል። ቦታ ፍለጋ ላይ ያለ ሰው ከባዱን ሰርዞ ቀላሉን ማስቀረት ይቀናዋል። ትልቁ በካሜራው የተነሳው ዋናው ፎቶ ነው፤ ትንሹ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ተልኮ የመጣው ነው። እነዚህ መተግበሪያዎች ፎቶን ሲልኩ ካልተነገራቸው በቀር ይጨምቁታል። ልዩነቱ በስልክ ስክሪን ላይ አይታይም። የሚታየው ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው አርፎ ፎቶው ለሳሎን ግድግዳ በትልቁ ይታተም ሲባል ነው፤ ያኔ ፊቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከባዱ ይቅር፣ ቀላሉ ይሂድ።

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ እህትና ወንድም የሚልኳቸው ፎቶዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኛ ጋ ያሉት የተጨመቁት ብቻ ናቸው። ዋናው አሁንም የእነሱ ስልክ ላይ ነው፤ እነሱም ስልካቸው ሞልቶ ለመሰረዝ ተዘጋጅተው ይሆናል። የሚፈልጓቸውን ጥቂቶቹን መርጠው «እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩልኝ» ይበሏቸው። በቴሌግራም እንደ ፋይል የተላከ ፎቶ ሳይጨመቅ ይደርሳል።

ብዥ ያሉትን፣ በስህተት የተነሳ ወለልንና የአንድ ቅጽበት ሃያ ድግግሞሾችን ለመምረጥ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጆች ጋር ቁጭ ማለት ጥሩ ነው። ሥራው ይዘገያል፣ ምክንያቱም በየፎቶው «ይሄ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የሰዎቹን ስምና ዓመቱን በፎልደሩ ስም ላይ መጻፍ የሚቻለውም ያኔ ነው። አያት አብረው ከተቀመጡ ደግሞ ማንም የማያውቀውን የአሮጌ ፎቶ ሰው ስም ያገኛሉ።

መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መሰረዝ

የሚቀመጠው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ መቀመጥ የለበትም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መግዛት የሚችል ቤተሰብ የሠርጉን፣ የክርስትናውንና የምርቃቱን ቪዲዮ ወደዚያ ማውጣት ይችላል። እዚህ ላይ የአገራችንን መብራት ማሰብ ግድ ነው። ፋይልን «ከት» አድርጎ ማዛወር ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ ወይም ገመዱ ቢነቀል፣ ፋይሎቹ ግማሾቹ እዚህ ግማሾቹ እዚያ ተበታትነው፣ አንዱም መሃል ላይ ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። «ኮፒ» ግን ዋናውን አይነካም፤ ቢቋረጥ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ኮፒ ያድርጉ፣ ሲያልቅ በሁለቱም በኩል የፋይሎቹ ቁጥርና ጠቅላላ ክብደት እኩል መሆኑን ፎልደሩ ላይ ቀኝ ተጭነው በ«ፕሮፐርቲስ» ይመልከቱ፣ ጥቂት ቪዲዮዎችን ከመጀመሪያም ከመጨረሻም እየዘለሉ ያጫውቱ። ከዚህ በኋላ ብቻ ከኮምፒውተሩ ይሰርዙ። ዲስኩን ሲነቅሉም «ኢጀክት» ማለትን አይርሱ።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ከተሰረዘ በኋላ ግን ኤክስተርናሉ ላይ ያለው ብቸኛው ቅጂ ይሆናል፤ ኤክስተርናል ዲስክ ደግሞ ከጠረጴዛ ይወድቃል። የማይተካው ነገር ሁለት ቦታ ይኑር፣ ሁለተኛውም ቢቻል ሌላ ቤት ውስጥ፣ ለምሳሌ እህት ወይም ወንድም ጋ።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። በገበያ ላይ «2 ቴራባይት» የሚል ጽሑፍ ይዘው በሚያስገርም ርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ፍላሾች አሉ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ሆኖ ለኮምፒውተሩ ትልቅ ነኝ ብለው እንዲዋሹ የተሠሩ ናቸው። ፋይል ሲገለበጥባቸው እሺ ይላሉ፣ ስሙም ይታያል፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። «ኤችቱቴስትደብሊው» የተባለው ነፃ መሞከሪያ ፍላሹን እስከ ጥግ ሞልቶና መልሶ አንብቦ እውነተኛ ልኩን ይናገራል። አዲስ ፍላሽ ላይ የልጅዎን የመጀመሪያ እርምጃ ከማኖርዎ በፊት አንድ ሌሊት ይህን ማስኬድ አይከፋም።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥስ? ጉግል ለአንድ አካውንት በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሲሆን ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ የጋራ ነው፤ የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ 5 ጊጋባይት ይሰጣል። ለቪዲዮ አይበቁም። ለሰነዶች፣ ለድምፆችና ለተመረጡ ፎቶዎች ግን ከበቂ በላይ ናቸው፤ ቤት ቢዘረፍ ወይም ዲስክ ቢቃጠል የሚተርፉትም እነዚህ ናቸው። አሠራሩን ሳይረዱ አይጠቀሙበት እንጂ። ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይልን ከኮምፒውተሩ ላይ ቢሰርዙት ከኢንተርኔቱም ይሰረዛል፣ ምክንያቱም ሁለቱ እንደ መስተዋት የሚተያዩ ናቸው። ከኮምፒውተሩ ብቻ እንዲለቅ ከፈለጉ ፋይሉ ላይ ቀኝ ተጭነው «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ይምረጡ።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ሲሆን

በስህተት የተሰረዘ ነገር እንዳለ ከተገነዘቡ ኮምፒውተሩን ወዲያው መጠቀም ያቁሙ፤ ፊልም አይጫኑበት፣ ማዳኛ ሶፍትዌር እንኳ እዚያው ዲስክ ላይ አያውርዱ። የተሰረዘ ፋይል ቦታው በሌላ እስኪያዝ ድረስ በአሮጌዎቹ ሃርድ ዲስኮች ላይ ብዙ ጊዜ መልሶ ማግኘት ይቻላል። አሁን በስፋት የሚሸጡት ኤስኤስዲ ዲስኮች ግን የተሰረዘውን ቦታ በራሳቸው ስለሚያጸዱ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

ሁሉም ተጣጥሎ ዲስኩ አሁንም ጠባብ ከሆነ ችግሩ የእርስዎ አያያዝ አይደለም፤ ዲስኩ ቤተሰቡን አይበቃውም። ያኔ የሚያስፈልገው ተለቅ ያለ ኤስኤስዲ መግዛት ነው፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፍጥነቱንም በግልጽ ይለውጠዋል። ባለሙያው ዘንድ ሲሄዱ «ፎርማት አድርግልኝ» አይበሉ። «አሮጌውን ወደ አዲሱ ክሎን አድርግልኝ» ይበሉት። ክሎን ማለት ዊንዶውሱም፣ ፕሮግራሙም፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ነገርም እንዳለ ወደ አዲሱ ይሻገራል ማለት ነው። «ምን ይፈለጋል?» ተብሎ የሚመረጥ ነገር ስለሌለ የሚረሳም የለም። ከተቻለ ልጅ ከመላክ ራስዎ ይሂዱ።

ሥራው ሲያልቅ አሮጌውን ዲስክ ተቀብለው ይምጡ። ገንዘብዎን ከፍለው የገዙት ነው፤ የቤተሰቡ ፎቶና መታወቂያ ሁሉ ያለበትም ነው፣ ጥገና ቤት መሳቢያ ውስጥ መቅረት የለበትም። የሚገጥመው መያዣ ከተገዛለት በዩኤስቢ ገመድ የሚሠራ ኤክስተርናል ዲስክ ይሆናል። ለጥቂት ወራት ግን እንዳለ ያቆዩት። አዲሱ ላይ የጎደለ ነገር እንዳለ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው፤ ልጅ ለምዝገባ የልደት ሰርተፊኬት ሲጠየቅ፣ ወይም ለሙት ዓመት ፎቶ ሲፈለግ።